ጣሊያን ይውጣ

ስምንተኛ ክፍል ሳለን ሆሳዕና ውስጥ ስድስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከአንጋጫ ነኝ፤ አራቱ ከቦኖሻና ከአካባቢው ናቸው፤ አንዱ ከሀቢቾ። ከየቤታችን ቆጮ ተሸክመን እንመጣና አንድ ቅርጫት ውስጥ እንከታለን፤ ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ እኩል እንበላለን።

የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ አውሮፓ የጋራ ገበያ ያስተማሩን ሰሞን ቅርጫቱን «የጋራ ገበያ» አልነው፤ ስድስቱን አባል አገሮችም ተከፋፈልን። ጣሊያንን የሚወስድ ጠፋ። አባቶቻችን ጣሊያንን የሚያውቁት በጅራፉ ነው፣ ማን ይሁን? የሀቢቾው ልጅ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ስለነበር ለእሱ ሰጠነው። ተመልሶ ሲሰማ ሳቀ። እኔ ሉክሰምበርግ ሆንኩ። ሕጉንም ከአውሮፓ ወሰድን፤ ከባድ ነገር የሚወሰነው ሁሉም ሲስማማ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ ይቀራል።

በዚያ ዓመት የሀቢቾው ልጅ ቤተሰቦች የተከሉትን እንሰት በሽታ መታው። የሚያመጣው እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ባዶ እጁን መጣ። «ሚኒስትሪ እስክንፈተን ብቻ ታገሡኝ» አለን። ቅርጫቱም ሐሙስ ሳይደርስ ባዶ ይሆን ጀመር። ማን በላው ተባባልን፣ እርስ በርስ ተጠባበቅን፤ ባዶ እጁን የሚመጣው ተጠረጠረ።

የበላሁት እኔ ነኝ። ሣጥኔ ውስጥ የደበቅሁት በሶ እያለኝ ከቅርጫቱ እሰርቅ ነበር። የሀቢቾው ልጅ አንድ ቀን እጄን ቅርጫቱ ውስጥ አገኘው። ዞሮ ወጣ፤ ለማንም አልተናገረም። ዝም በማለቱ ጠላሁት።

አንድ እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ተሰበሰብን። ከቦኖሻዎቹ አንዱ «ጣሊያን ይውጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅን። እየሳቅን እጅ አወጣን። አራት እጅ ወጣ፤ የሚባረረው ድምፅ የለውም፤ የእኔ ብቻ ቀረ። የሀቢቾው ልጅ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ያኔም አልተናገረም። እኔም እጄን አወጣሁ።

ልብሱንና ደብተሩን በአንሶላ ጠቅልሎ ሄደ። ሁለት ሳምንት ከሀቢቾ በእግሩ እየተመላለሰ ተማረ። አረፈድክ እየተባለ በየቀኑ ይገረፍ ነበር። ፈተናው ወር ሲቀረው ቀረ።

ቅርጫቱ ግን እሱ ከሄደም በኋላ ሐሙስ አልደረሰም። ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም በየሣጥናችን ላይ ቁልፍ አንጠለጠልን።

በዚያው ሰሞን መምህራችን ፈረንሳይ አኩርፋ በጋራ ገበያው ስብሰባ ወንበሯን ባዶ ትታ ከርማ እንደተመለሰች ከሬዲዮ ሰምተው ነገሩን። «ታዲያ አንድነታቸውን ምን ያቆየዋል?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ።

«ትንሿም አገር እምቢ ማለት መቻሏ» አልኩ።

«ጎበዝ!» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ምንም ቅር አላለኝም። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ከዓመታት በኋላ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኜ፣ ከረባት አስሬ፣ ከአዲስ አበባ መጥቼ ሆሳዕና መናኸሪያ ወረድኩ። ሻንጣዬን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ያወረደው ተሸካሚ የሀቢቾው ልጅ ነበር። እንዳላየ ልሆን ፊቴን አዞርኩ። ሻንጣውን ትከሻው ላይ አስተካከለና፦

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሉክሰምበርግ» አለኝ።

አንቱ አለኝ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ተጠንቀቅ፣ የሚሰበር ዕቃ አለበት» አልኩት።

«እሺ፣ ጌታዬ» ብሎ ከፊቴ ቀደመ።