በብርጭቆ ወረቀት የፋቅሁት

የወንድሜን ጊታር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም ላሳምረው ብዬ ነው።

ወንድሜ ታላቄ ነበር። በመተማ የኪነት ቡድን ውስጥ እሱ ሊድ ጊታር ይጫወታል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ በሌላ ጊታር አጅባለሁ። ጊታሩን የገዛው ኮኪት ወርዶ ሰሊጥ አርሞና አጭዶ ባገኘው ገንዘብ ነው፤ ድንበር ተሻግረው የሚነግዱ ሰዎች ከገዳሪፍ አመጡለት። ያኔ ቀዩ ቀለም እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። የቆላ ላብ ግን ለቀለም አይራራም፤ እሱ ደግሞ እጅጌውን ጠቅልሎ ነው የሚጫወተው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀኝ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ተላጠና እንጨቱ ወጣ። ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው ስለው ይስቅብኛል።

“ተዋት ባክህ፣ አብረን እናርጅ።”

ብሔራዊ ውትድርና ደረሰውና ወደ ሰሜን ሄደ። ሲሄድ ያለኝ ነገር ቢኖር “ዝም እንዳታሰኛት” ብቻ ነው።

እኔም በእሱ ቦታ ቆሜ በጊታሩ እጫወት ነበር። በዓመቱ የጊታሩ ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር። ከክሮቹ ስር ተቀምጦ ድምፁን ወደ ማጉያው የሚልከው ፒካፕ ላብ ገብቶበት ዝጎ ኖሯል። ይዤው ገንዳ ውሃ ከተማ ሄድሁ። እዚያ ሙያውን ሱዳን የተማሩ አንድ ሽማግሌ ሬድዮ ጠጋኝ ነበሩ። ፈትተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ኻላስ፣ ይኸ አልቆለታል። ወይ ሽቦውን እንደገና ልጠምጥምልህ፤ ለስለስ ይላል እንጅ የድሮ ድምፁ ይመለሳል። ወይ ይኸን ልግጠምልህ” አሉኝና ከሌላ ጊታር የወጣ ፒካፕ አሳዩኝ። ክሮቹ ስር አስጠግተው አሰሙኝ። ይጮኻል። እኔን የቡድናችን ሳክስፎን ሁልጊዜ ይውጠኝ ስለነበር ልቤ ወደ ጯኺው ሄደ።

“የለመዳችሁት ድምፅ አይሆንም፤ ኋላ እንዳትወቅሰኝ” አሉ ሽማግሌው።

“ግድ የለም፣ ይግጠሙልኝ” አልኋቸው። አሮጌውን እሳቸው ዘንድ ጥየው መጣሁ። ጅል ነበርሁ።

በዚያው ሰሞን ከግንባር የሚመለሱ አሉ ተባለ። እናቴ ቤቱን በጭቃ መለቅለቅ ጀመረች። እኔስ ምን ላድርግ ብዬ ጊታሩን አየሁት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲውል እናቴ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ስትጨርስም መዳፏን የተላጠው ቦታ ላይ አሳርፋ ትቆያለች። ነውሩን የምትሸፍን ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ይኸን ያህል ደንቆሮ ነበርሁ።

ከአናጢ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀይ ቀለምና ቫርኒሽ ገዛሁ። እናቴ ገበያ በዋለችበት ቀን፣ ከጓሮ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጬ ቀለሙን እስከ እንጨቱ ፋቅሁት። ክንዱ ያጎደጎደውን ሳይቀር አስተካከልሁት። ቀይ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ደግሞ ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ ደረብሁበት። አዲስ ሆነ። ሲመጣ ምን እንደሚል እያሰብሁ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። እንዳይቆሽሽ ብዬ በአንሶላ ጠቅልዬ አልጋ ስር አስቀመጥሁት፤ እናቴ ጊታሩ የት ገባ ስትለኝም ለእሱ መምጫ ያዘጋጀሁት ነገር አለ አልኋት።

የመጣው ግን መርዶው ነው። አብሮት የተሰለፈ አንድ ቁስለኛ ለጎረቤቶቻችን ነግሯቸው፣ ተሰብስበው ማለዳ ደጃችን ቆሙ።

በአገራችን ሬሳው ካልመጣ የሟቹ ዕቃ ለቅሶው መሃል ይወጣል። ሸሚዙ ወጣ፣ ጫማው ወጣ፣ ፎቶው ወጣ። ጊታሩንማ እኔ ራሴ ከአንሶላው ፈትቼ እናቴ ጭን ላይ አኖርሁት። ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች። መዳፏ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። ቫርኒሹ ላይ ይንሸራተታል። ዓይኗን ከፍታ አየችኝ።

“ይኸ የልጀ አይደለም” አለች። “የልጀን አምጡልኝ።”

ሴቶቹ ኀዘኑ አእምሮዋን የነካት መስሏቸው እቅፍ አደረጓት። “የሱ ነው፣ የሱ ነው እኮ” እያሉ ያባብሏታል። እሷ ግን እምቢ አለች። አንዷ “ውሰደው በቃ” አለችኝ፤ ተሸክሜው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። እውነቷን እንደነበር አንድም ቀን አልነገርኋትም።