ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው መስታወት

ግድግዳ መፍራት የጀመርኩት አራስ ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት የምፈራው ነገር ቢኖር አከራያችንን ብቻ ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እኔና ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖር ነበር። አከራያችን ውኃ ሲደፋ የሚቆጡ፣ በር ሲንኳኳ የሚቆጡ፣ ዝም ስንልም ምን እየመከራችሁ ነው ብለው የሚቆጡ ሴትዮ ነበሩ። ማርገዜን ያወቁ ዕለት የሕፃን ልቅሶ ራሳቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ነገሩ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በራሴ ቤት መውለድ።

ቦታ ቀደም ብለን ተመርተን ነበር። ዕጣው የጣለን ግን ከከተማው ግርጌ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበትና እንቁራሪት የሚንጫጫበት ረባዳ ላይ ነው። ዘመድ ሁሉ አፌዘብን። «ቤት ነው ጀልባ የምትሠሩት?» ያለንም ነበር። ባለቤቴ ግን ግንበኛ ነው፤ ያውም የታወቀ። ሌላው ገመድ ወጥሮ፣ ቱንቢ ጥሎ የሚያቃናውን ግድግዳ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በማየት ያቃናዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ዕድሜ ልኩን የሠራው በላይኛው ሰፈር፣ ቀይ አፈር ላይ ነው። ጥቁሩን ዋልካ የሚያውቀው ልክ እንደኔ ጫማው ላይ ሲጣበቅ ብቻ ነበር።

ዋልካ ደግሞ አይታመንም። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እየተሰነጠቀ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ የተጫነበትን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቆይቶ ይለሰልስና ያሰምጣል። ይህን ዛሬ ስጽፈው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም አናውቀውም ነበር ብል ግን እዋሻለሁ።

መሠረቱን የቆፈረው በሚያዝያ ነው። ወገቡ ድረስ እንደ ወረደ ዶማው ነጥሮ ተመለሰ። ደግሞ መታው፤ ዶማው ጮኸ። ከጉድጓዱ ቀና ብሎ «አለት ደረስኩ! ከዚህ በታች መቆፈር ሞኝነት ነው» አለኝ። በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ይህንኑ ሰማ። እኔም ደስ አለኝ፤ በጥልቀት ከመቆፈር የሚተርፈው ቀን ለግድግዳው ይሆናል፤ ቆርቆሮው ከሰኔ ዝናብ በፊት ይመታል ብዬ አሰላሁ።

የሰባት ወር እርጉዝ ሆኜ ለጭቃውና ለሲሚንቶው ውኃ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጀሪካኑ ክዳን ተፈናጥሮ ውኃው በሙሉ ወደ መሠረቱ ጉድጓድ ገባ። መኝታ ቤት ይሆናል ባልነው ጥግ በኩል ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሳየው ውኃው የለም። ቦታው ግን ተነፍቷል፤ የቦካ ሊጥ መስሏል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ የያዝኩትን እንጨት ወደ ታች ሰደድኩት። ያለ ምንም ትግል እስከ ክርኔ ድረስ ገባ። አለት ውኃ አይጠጣም፤ ይህን ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም።

ባለቤቴ ወዲያ ማዶ ከጋሪው ላይ ድንጋይ ያወርዳል። ዘወር ብዬ አየሁት። ብነግረው እንደገና ይቆፍራል፤ እንደገና ቢቆፍር ክረምቱ ይቀድመናል፤ ክረምቱ ከቀደመን የምወልደው አከራያችን ቤት ነው። በዚያ ላይ ለአገሩ ሁሉ አለት ደረስኩ ብሏል፤ ሚስቱ በአንድ ጀሪካን ውኃ አሳፈረችው ይባላል። ይህን ሁሉ ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። በእጄ ደረቅ አፈር ዘግኜ እርጥቡን ሸፈንኩት። በማግሥቱ የመጀመሪያው ድንጋይ ተቀመጠበት።

ቤቱ ደረሰ። የድንጋይ ቤት ነው፤ በሰፈሩ ብቸኛው። በሰኔ አጋማሽ ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ ከቁይ መጣች። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር፤ ሴት ናትና ክርስትና እስክትነሣ ሰማንያ ቀን ከቤት አልወጣም። አልጋዬ የተዘረጋው በዚያው ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ሌላ ቦታ አልነበረውም።

ስንጥቁ የታየው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፀጉር ያህል ነው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን እያጠባሁ። ወተቱ የደረቀብኝ መሰለኝ። ለባለቤቴ ባሳየው ጠጋ ብሎ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገውና «ልስን ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለ። በማግሥቱ ግን ከመስኮት መስታወት የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ቆርጦ መጣ። ስንጥቁ ላይ አጋደመና ሁለቱን ጫፎቿን በሲሚንቶ ለጠፋት።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች» አለኝ። «ካልተሰበረች ምንም የለም ማለት ነው። እሷን እያየሽ ተኚ።»

እናቴ ገንፎዋን ይዛ ስትገባ አየችና ሳቀች። «ምነው ልጄ፣ ግድግዳውም አራስ ሆነና ቁስሉን አሰርክለት?»

«ለጥንቃቄ ነው እማማ፤ እርስዎ አይስጉ» አላት።

እናቴ አልሰጋችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የልጄን ትንፋሽ መስማት አልችልም፤ ስለዚህ አንድ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ዓይኔን መስታወቷ ላይ እተክላለሁ። ጠያቂ ሴቶች ይመጣሉ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላሉ፤ እኔ አሜን እያልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ መስታወቷን አያለሁ። አንዷ «ይህች አራስ ሰው አትሰማም፤ ምች መትቷት ይሆን?» ብላ ለእናቴ ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር እየጠጣ፣ እየጠጣ፣ እያበጠ ይታየኛል። ያን እርጥብ አፈር የሸፈኑት ጣቶቼ ናቸው። ብናገርስ? ክረምቱ መካከል ላይ የት እንሄዳለን? እያልኩ ዝም አልኩ። መስታወቷ እንደሆነ አልተሰበረችም። በሕይወቴ እንደዚያች ቁራጭ ያመንኩት ነገር የለም።

ባለቤቴ የሚሠራው በከተማው ውስጥ ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ በዚያ ሰዓት ገንፎ በልቼ፣ ከልጅቷ ጋር እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እናቴ ጓዳ ናት። ስነቃ እግሬ ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ናፍቆን ነው የሚመጣው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። መስታወቷ ጫፍ ላይ ያለው ሲሚንቶ አንዳንድ ቀን ጠቁሮ አየዋለሁ፤ የክረምት እርጥበት ነው ብዬ ተውኩት። ነሐሴ ሲገባ በሩም ወለሉን እየፋቀ በግድ ይከፈት ጀመር። ባለቤቴ «እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ነው» ብሎ ጫፉን ላገው።

ሃምሳ ሦስተኛው ቀን ነው። የፍልሰታ ጾም ላይ ነን፤ እናቴ ሳትቀምስ ቤት ትጠርጋለች፤ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላለች። ውጪ የጠዋቱ ዝናብ አላባራም። ከአልጋው ሥር የባለቤቴን የመሣሪያ ከረጢት ጎትታ አወጣች፤ ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ።

«ይህን ስባሪ ለምን ያስቀምጠዋል? ነገ ልጅቱ ስትድህ ይቆርጣታል። ልጣለው?»

ጨርቁን ተቀበልኳት። የጣት ስፋት ያላቸው የመስታወት ስብርባሪዎች ናቸው፤ ጫፎቻቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ስገጣጥማቸው አምስት ሆኑ። መስታወቷ አምስት ጊዜ ተሰብራ፣ አምስት ጊዜ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ተለውጣለች።

አልጋዬ ላይ ተንበርክኬ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ከተለጠፈችበት ቀን ጀምሮ መስታወቷን ከቅርብ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከትራሴ ላይ ሆኜ ነው። ስድስተኛዋም መካከሏ ላይ ተሰብራለች። ሁለቱ ግማሾች አልተገናኙም፤ አንዱ በጥፍር ውፍረት ወደ ውስጥ ገብቷል። ከአልጋው ወረድኩ። ግድግዳው ወደ እኛ እየመጣ ነው።

«እማዬ፣ እንውጣ።»

«ወዴት?»

«ወደ ውጪ። ጎረቤት ቤት። አሁን።»

መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። «አብደሻል? ሃምሳ ሦስት ቀኗ ነው። ክርስትና ያልተነሣች ልጅ በዚህ ዶፍ? አንቺስ ብትሆኚ አራስ አይደለሽም? እኔ ስምንት ወልጄ...»

ነገሯን አልጨረሰችም። ከስንጥቁ ላይ የልስን ቅርፊት ተገምሶ ወረደ፤ ተከትሎት ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ከግድግዳው ተፈንቅሎ ትራሴ ላይ ወደቀ። ልጅቷ እናቴ ጀርባ ላይ ባትሆን የምትተኛው እዚያ ነው። እናቴ «በስመ አብ!» አለችና ጋቢውን ከአልጋው ላይ መንጭቃ ከነልጅቷ ተከናነበች። ስለ ሰማንያ ቀን ዳግመኛ አላነሣችም።

በሩ እንቢ አለ። ሳብኩት፤ አብረን ሳብነው። መቃኑ ጎብጦ ሳንቃውን ነክሶታል። ለመስኮቱ ባለቤቴ ሌባ እንዳይገባ ብሎ ብረት አድርጎለታል። ከኋላችን ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ተንቋቋ፤ ድንጋይ ድንጋይን ሲገፋ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ እናቴ ግን የማርያምን ስም ሳይሆን የባሌን ስም ስጠራ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ደጁ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እሱ ነው፤ ምሳ ሰዓት ገና ነበር። «ከበሩ ራቁ!» አለ። ሥራ ላይ የሚጠቀምበትን ረጅም ብረት በሩ ሥር አስገብቶ አነሣው። እንጨቱ ተሰነጠቀ፤ እናቴ በጠባቡ ክፍት አጎንብሳ ወጣች፤ እኔ ተከተልኳት። ነጠላ እንኳ አልደረብኩም። ኮቱን አውልቆ ጣለብኝ፤ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን ከላይ በኩል ካለችው ጎረቤታችን በረንዳ ደረስን።

ብዙ አልቆየም። ግድግዳው መካከሉ ላይ ሆዱን ነፋ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተዘረገፈ። ትልቅ ድምፅ ጠብቄ ነበር፤ የጋሪ ድንጋይ ሲራገፍ ከሚሰማው አልበለጠም። ዝናብ ስለነበር አቧራም አልተነሣ። ቆርቆሮው ዘመመ፤ በቀረው ክፍት አልጋዬ የነበረበት ቦታ ታየኝ። አልጋው ግን አይታይም።

ብርድ ብርድ ስላለኝ እጄን ወደ ኮቱ ኪስ ከተትኩ። ስል ነገር ነካኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለች፣ አዲስ የተቆረጠች የመስታወት ቁራጭ ናት።

«መቼ ነው ያየሃት?» አልኩት።

አልዋሸኝም። «ጠዋት ስወጣ።»

«ጠዋት ስትወጣ ተሰብራ አየሃት። አየሃትና ትተኸን ሄድክ።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው» አለ። «ዝናቡ ሊያባራ የቀረው ጥቂት ነው፤ መስከረም ላይ ከሥሩ ቆፍሬ አስተካክለዋለሁ ብዬ...»  ያ በአንድ ዓይኑ ግድግዳ የሚያቃና ሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ አቃተው።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ሙሉ መብት ያለኝ መስሎኝ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ጀሪካኑ ነገርኩት። እንጨቱ እስከ ክርኔ እንደገባ፣ እርጥቡን በደረቅ አፈር እንደሸፈንኩት፣ እሱ ከጋሪው ድንጋይ ሲያወርድ ዘወር ብዬ እንዳየሁት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።  «በሚያዝያ?» አለ ብቻ። «በሚያዝያ» አልኩት።

እናቴ በረንዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ በጋቢው ጠቅልላ ታቅፋታለች። ሁለታችንንም አንድ በአንድ አየችን። አልተቆጣችም፤ ቢያንስ ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም።

«ስለዚህ ሁለታችሁም ታውቁ ነበር» አለች። «ሳናውቅ የተኛነው እኔና ይህች ልጅ ብቻ ነን።»

 ልጄን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። እስኪመሽ ድረስ ለማጥባት ካልሆነ አልሰጠችኝም፤ ጠብታ ስትጨርስም ወዲያው መልሳ ትወስዳት ነበር።