የዓሣ ነባሪው ጉሮሮ

ዘንድሮ በነነዌ ጾም ሰሞን፣ ደብረ ማርቆስ ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ፣ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፉን ከፍቶ ባሕሩን ሲጎነጨው አሳየችኝ። ቪዲዮው ሳያልቅ ሐሳቤ ደብረ ወርቅ ደረሰ።

ያደግሁት እዚያ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። እናቴ እኔን ጡት ባስጣለች በዓመቱ ስላረፈች፣ ቤቱን የምታስተዳድረው የአባቴ ታላቅ እኅት ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አንድ ዲያቆን ሽማግሌ ላከ። ቅስና ሊቀበል ስለነበር አስቀድሞ ማግባት ነበረበት፤ ሰውየውም ቸኩሏል። አክስቴ ደስታዋን አልቻለችውም። አባቴ ግን “ትንሽ ትማር” እያሉ ሽማግሌዎቹን ያመላልሷቸው ነበር። እኔ መማሩን እንጂ ማግባቱን አልፈልግም፤ ግን ማን ጠይቆኝ!

የባዮሎጂ መምህራችን አሰብ ያደገ ወጣት ነበር። የእኛን ብርድ በሁለት ሹራብም አልቻለውም። ስለ ባሕር ሲያወራ ግን ብርዱን ይረሳዋል። ከፍጥረት ሁሉ ትልቁ ዓሣ ነባሪ ጥርስ እንደሌለው፣ አፉ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ በተደረደረ ነገር ውኃውን እያጠለለ ከጣት የማይበልጡ ፍጥረታትን እንደሚበላ፣ እንደ እኛ አየር እንደሚተነፍስና እንደሚያጠባ የነገረን እሱ ነው። ጉሮሮው ግን ትልቅ ትርንጎ ቢያሳልፍ ነው አለን።

ያን ቀን ነነዌ ተይዞ ነበር። ማታ የሱፍ ፍትፍት ቀርቦ ስንቀመጥ የተማርሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት። ጉሮሮው ላይ ስደርስ አክስቴ ጉርሻዋን መለሰችው።

“ዮናስን አልዋጠውም ልትዪን ነው?” አለችኝ። ከዚያም ወደ አባቴ ዞራ፣ “ሰማኸው? ከዚህ የባሰ ሳታመጣብን ሽማግሌዎቹን እሺ በላቸው” አለች።

አባቴ እጃቸውን ታጥበው ከማዕዱ ተነሡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጥምጣማቸውን አስረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከእኔ ጋር ወጡ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ነው፤ የመንገዱ ዳር ሣር በውርጭ ነጥቷል። ከትምህርት ቤት ሊያስወጡኝ መሆኑን አልተጠራጠርሁም፤ ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ከኋላ ከኋላ ተከተልኋቸው።

መምህሩን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አገኙትና የአውሬውን ልክ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። እሱም ከባንዲራው እንጨት እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ አሳያቸው። አባቴ ርዝመቱን ሁሉ በእግራቸው ሄዱት። ጉሮሮውንም መምህሩ መሬት ላይ በእንጨት ጫረላቸው። ክቧን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩና፣ አውሬው ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ ጠየቁ።

መምህሩም እናቲቱ ለመውለድ ወደ ሞቃት ባሕር እንደምትሄድ፣ እዚያም ለወራት ምግብ ሳትቀምስ ማለት ይቻላል ልጇን እንደምታጠባ፣ ስቧ ወተት ሆኖ እያለቀ እንደምትከሳ አስረዳቸው።

“ትጾማለች በለኛ” አሉ አባቴ።

“አዎ መሪጌታ፤ እያጠባች።”

አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። “እናትሽም አንቺን እያጠባች ሑዳዴን ጾማለች። የነፍስ አባቷ ቢፈቅዱላትም እምቢ አለች።”

ስለ እናቴ ሲያወሩልኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ደወሉ ሲደወል “በይ ግቢ” ብለው ተመለሱ።

ማታ አክስቴ ነገሩን አነሣችው። አባቴም ጾማቸውን እየፈቱ፣ “ጉሮሮው ሰፊ ቢሆንማ ምኑን ተአምር ሆነ? ልጅቷ ትማር” አሏት። በዚያው ተዘጋ። ዲያቆኑ ሌላ አገባ፤ ጥሩ ቄስም ወጣው፤ ኋላ የበኩር ልጄን ያጠመቁልኝ እሳቸው ናቸው።

እኔም የባዮሎጂ መምህርት ሆንሁ፤ ባሕር ሳላይ ጡረታ ወጣሁ። አባቴ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው፤ እንዲህ እንደዛሬው በድንገት ሲናፍቁኝ ግን ትናንት የተለዩኝ ይመስለኛል። ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ዓሣ ነባሪው ጉሮሮ አስተምሬ፣ ስለምትጾመዋ እናት ሳልናገር ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። ማታ ቤቷ ገብታ ለአባቷ የምትነግር አንዲት ልጅ አትጠፋም።