አጭሯ ራቼት

መካኒኩ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጋራዡን ለእህቱ ልጅ ለቀቀለት። በሚሰናበትበት ቀን ልጁ የመፍቻ ሳጥኑን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ደስ ያለዎትን አንድ ዕቃ ለማስታወሻ ይምረጡ» አለው።

መካኒኩ በውስጥ ጥርሳቸው ቀጭ ቀጭ እያሉ የሚዞሩትን ራቼት መፍቻዎች አንድ በአንድ እያነሳ፣ ጆሮው ሥር እያዞረ ድምፃቸውን አዳመጠ። አዲሶቹ ያብረቀርቃሉ እንጂ ጥርሳቸው ይንሸራተታል። በመጨረሻ እጀታዋ አጭር የሆነችውን አሮጌዋን ያዘ፤ ሌላ መፍቻ በማይደርስበት የሞተር ጉያ ገብታ ስንቱን ግትር ብሎን ፈትታለታለች። ልጁንም ሙያ ያስለመደው በእሷ ነበር።

«እሷን እንኳ ይተዉልኝ፣ ስብስቡ ይጎድልብኛል» አለ ልጁ፣ ካዲሶቹ አንዱን እየዘረጋለት።

መካኒኩ አጭሯን ቦታዋ መልሶ፣ የተዘረጋለትን ሳይቀበል ወጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ፣ «ምን መረጥክ?» አለችው።

«የሚመረጥ ጠፋ» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።