ባንድ አለንጋ ያደግን

ተጠያቂው ወንድሜ አስናቀ ነው። አባታችን አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት የአስናቀ ልጅ ብርቄ እኔ ቤት ሆና በስልኳ ፊልም ስታይ አብሬ አየሁ። ከእጁ እሳት የሚወረውር ሰው ከተማ ሙሉ አቃጠለ። ቀጥሎ በልጅነቱ ሲገረፍ አሳዩን፤ ብርቄ አለቀሰችለት።

«ምን ያድርግ አክስቴ፣ አስተዳደጉ ነው። አባዬም እኮ እንደሱ ነው።»

«አባትሽ እንኳ ከእጁ እሳት አይወጣም፤ ክብሪት ገዝቶ ነው የሚያቃጥለው» አልኳት።

ብርቄ እኔ ዘንድ የመጣችው ባለፈው ሳምንት አባቷ ደብተሮቿን ስላቃጠለባት ነው። እኔም ባርባ ዓመቴ ፊደል ስቆጥር ደብተሬን አቃጥሎብኛል። ያኔ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ሽማግሌዎቹ «አባቱ በአለንጋ ስላሳደገው ነው፣ ማሪው» አሉኝ። ድንጋዩን ካንገቱ አወረድኩለት።

እኔንም ያሳደገኝ ያው አለንጋ ነው። የማንን ደብተር አቃጠልኩ?

እናንተም «አስተዳደጉ ነው» ተብላችሁ የማራችሁት ሰው ካለ ጻፉልኝ። ዛሬ ማንበብ እችላለሁ።

እሁድ ከገነተ ማርያም ሽማግሌ ይዞ ልጁን ሊወስድ ይመጣል አሉ። ድንጋዩን ተሸክሞ ይምጣ። እኔ ግን ከእንግዲህ ካንገቱ አላወርድለትም።