ከነዳጅ መስጫው ሥር ያለው እንጨት

አባቴ ፒክአፗን ከእኔ አስበልጦ ይወዳታል ብዬ እየቀናሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ ብታዩዋት የምታስቀና አይደለችም። ቀለሟ ረግፏል፤ አንደኛው በሯ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ጠዋት ስትነሳ የሰፈራችን የአቦከር ሰው ያጠበውን ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበስባል። ጭሷ እንዲያ ነበር።

ወንድሜ መንዳት የተማረው በእሷ ነው። የሞተው ግን በሰው መኪና ነው፤ ድንች ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ። ፈጥኖ ነበር አሉ። እሱ መቼ ሳይፈጥን ቀርቶ ያውቃል! አንድ ቦታ ተቀምጦ ምሳ ሲጨርስ እንኳ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ፒክአፗን ለማንም አላስነካም። መሪዋን ከእሱ በቀር የሚጨብጥ ጠፋ። እሷም አቅም አጣች። ከሸዋ በር ገበያ የሁለት ሰው አስቤዛ ጭና ቤታችን ለመድረስ የምታቃስተው ማቃሰት ለጉድ ነው። “ምነው አባዬ?” ስለው “አርጅታለች፣ እኔስ አርጅቼ የለ?” ይለኛል። አመንኩት። አሮጌ ነገር ሲደክም ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የከፋው እናቴ ስትታመም ነው። ከሆስፒታል “ቤቷ ወስዳችሁ ተንከባከቧት” አሉን። የዚህ ንግግር ትርጉም የማይገባው ቤተሰብ የለም። እናቴም ገብቷታል። ፍራሿ ላይ ሆና ቤቱን ሁሉ ቃኘችና “ቁልቢ ውሰዱኝ” አለች።

እኔና አባቴ ተያየን። ወንድሜ የስለት ልጅ ነው። እናቴ ከእኔ በኋላ ልጅ ሲቆይባት ቁልቢ ሄዳ ለምና፣ ጥላ ተስላ ነው ያገኘችው። ሲወለድ ጥላዋን አስገባች፤ በየዓመቱም አልቀረችም። ሲሞትባት ግን ከገብርኤል ጋር ተኳረፈች። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምሬን ነው። በንግሡ ሰሞን መንገደኛው እየዘመረ በደጃችን ሲያልፍ በሩን ዘግታ ሬዲዮ ትከፍታለች። የንስሐ አባቷ ሲገሥጿት “አባቴ፣ ሰጥቶ የሚቀማ ጎረቤት ቢሆን ደጁን እረግጥ ነበር?” ብላ እሳቸውኑ አፍ አስያዘቻቸው። ለዓመታት ስሙን አልጠራችም።

“ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?” አልኳት።

“ፊት ለፊት የምለው አለኝ። ተኳርፌው አልሞትም።”

መቀመጥ አትችልም ነበር። ሚኒባስ የማይታሰብ ነው። ፒክአፗ ጀርባ ላይ ፍራሽ አንጥፎ፣ ሸራ ወጥሮ ማስተኛት ነው ያለው መንገድ። የሰው መኪና እንለምን ብንላትም እንቢ አለች፤ ልጇ በተማረባት ነው የምትሄደው። የቁልቢ መንገድ ደግሞ ዳገት በዳገት ነው። ያቺ ሰፈሯን መውጣት ያቃታት መኪና ሙቀቷ ጨምሮ መሃል መንገድ ላይ ብትቆም፣ እናቴን ይዘን ምን ልንሆን ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

የወንድሜ አብሮ አደግ ከአዲሱ ከተማ ዳር ትንሽ ጋራዥ አለው። ሄጄ አለቀስኩበት። “አቦ፣ አታልቅሺ!” አለኝ። “እማማ ስንቴ አብልተውኛል። ሞተር ማውረድ አያስፈልግም፤ እሱ የሀብታም ነገር ነው። አንቆ የያዛትን ነገር አንድ በአንድ እናንሳላት። የቀረውን አላህ ያውቃል።”

እንዳለውም አደረገ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ መሬት ላይ ሲያራግፈው ጋራዡ በአቧራ ጠፋ። “ይቺ እኮ አፍንጫዋን በትራስ ታፍና ነው የምትሮጠው!” አለ። የናፍጣ ማጣሪያዋን ቀየረ፤ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎቿን ፈትቶ አሳጠበ። በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማዋን በእጁ ሲያዞረው ጎማው እንቢ አለ። ፍሬኑ ሳይለቃት፣ እየጎተተች ኖራለች ለካ። እሱን አላቀቀና ጎማዎቹን በልካቸው ነፋቸው። ከዚያ ወደ ሸክሟ ዞረ። ጣሪያዋ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው ብቻ የአንድ በሬ ክብደት አለው። ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ ሰንሰለት፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ምን እንደሆነ አባቴም የማያውቀው ብረት ሁሉ ወጣ።

አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። “አውልቁ! አውልቁ! ሲያልቅ እኔንም አውልቁኝ!”

ለውጥ አልነበረም ማለት ግን ግፍ ነው። ጭሷ ሳሳ፤ ድምፅዋ ጠራ። ናፍጣ መጠጣቷም ቀነሰ፤ ያንን የማደያ ሰልፍ እንደ ድሮው መመላለስ ቀረልን። ነገር ግን ለሙከራ ከከተማው በላይ ወዳለው ሐኪም ጋራ ይዘናት ስንወጣ፣ አባቴ እየነዳ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ያው አመሏ ተነሳባት። እንጨት የጫነች አህያ አለፈችን።

“አባዬ፣ ጥሩምባ ንፋላት፤ ቅድሚያ ትስጥህ” አልኩ። መካኒኩ አልሳቀም። ጆሮውን አቅንቶ ሞተሩን ያዳምጣል።

“ጋሼ፣ እስቲ ጫን አድርገው ይርገጡት።”

“ረግጫለሁ” አለ አባቴ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ጋራዥ ስንመለስ አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ “ነይ፣ ግቢና ነዳጅ ስጪልኝ፤ ልስማት” አለኝ። በአባቴ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ረገጥኩ።

“ርገጪ እንጂ!”

“ረግጫለሁ!”

“እስከ ጥጉ!”

“ጥጉ ይሄ ነው እኮ! በወለሉ ልውጣ ወይ?”

ኮፈኑን ትቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ገለጠ። ከነዳጅ መስጫው ሥር ጡብ የምታህል እንጨት ወለሉ ላይ በሽቦ ታስራለች። እንዳትንኳኳ በጨርቅ ተጠቅልላለች። ጨርቁን አወቅኩት፤ የእናቴ ነጠላ ጥለት ነው።

“ሱብሃነላህ” አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አባቴ ዳቦውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። “አትንኩት” አለን።

ቀስ እያለ ነገረን። ወንድሜ አርባው የወጣ ሰሞን እናቴ ይቺን እንጨት ይዛ መኪናው ድረስ ወጣች። “ከዚህ በላይ አትረግጥም። አንተን ደግሞ አልቀብርም። ማል!” አለችው። በልጁ አጥንት ማለላት። ጨርቁን የጠቀለለችው እሷ ናት፤ ሽቦውን ያሰረው እሱ ነው።

ደሜ ፈላ። “ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ማጣሪያ ስናራግፍ ቆመህ ታየናለህ?”

“ማጣሪያውም ቆሽሾ ነበር” አለኝ።

መካኒኩ ፒንሳውን አንስቶ አባቴን አየው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። “እሷ ካልፈታችኝ አይሆንም።”

ቤት ገብቶ ከአልጋዋ ግርጌ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው። “ያቺን እንጨት... ቁልቢ ዳገቱን አታስወጣንም። ከመሐላዬ ፍቺኝ” አላት።

እናቴ ግራ ገብቷት አየችው። “የቷን እንጨት?”

ነገራት።

“እስከ ዛሬ?” አለች። ከትራሷ ቀና ልትል ሞከረች። “እስከ ዛሬ አላወጣሃትም?”

“ምዬልሽ የለ?”

“ሞኝ! እኔ እኮ ልቤ እስኪረጋ ነው ያልኩህ! ልጄ የሞተብኝ ሰሞን ያልኩትን ይዘህ...” ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረባት። እጁን ይዛ ደረቷ ላይ አስቀመጠች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወላጆቼን ይዋደዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አብረው የኖሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወጥቼ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ።

እንጨቷን አባቴ በገዛ እጁ ፈታት። እናቴ “ለእኔ ስጡኝ” ብላ ትራሷ ሥር አደረገቻት።

ቁልቢ የሄድነው ንግሥ ባልሆነ ተራ ቀን፣ ገና ሲነጋ ነው። መካኒኩ ሊሸኘን መጥቶ ፍራሹን ከእኔ ጋር አነጠፈ። “እማማ፣ ለእኛም ዱዓ ያድርጉልን” አላት። “ለአንተማ ለመካኒክነትህ እጸልይልሃለሁ፣ ጭሷን አቁመሃልና” አለችው። እኔ ከኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አወዳይን፣ ሐሮማያን አለፍን። ምን ዓይነት ሩጫ ነው! ዳገቱን ሳታቃስት ትወጣዋለች። አባቴ በመስኮቱ ዞር እያለ ያየናል፤ እናቴ በእጇ “ንዳ” ትለዋለች።

ደንገጎ መገንጠያው ላይ ግን እናቴ የመኪናዋን ብረት መታ መታ አደረገች። አባቴ ዳር ይዞ ቆመ። ወደ ቀኝ የድሬዳዋ መንገድ ይወርዳል። ቀና አድርጌ ደገፍኳት። ቁልቁለቱን ረጅም ጊዜ አየችው። አባቴ አልወረደም፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ብቻ ያያል። “ይኸው፣ ልጄ፣ በመኪናህ መጥቻለሁ” አለች። ከዚያ “በቃ፣ እንሂድ” አለችኝ።

ቁልቢ ስንደርስ የማናውቃቸው ሰዎች ከነፍራሿ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር አስተኙልን። “ወዲያ በሉልኝ” ብላ ሁላችንንም አራቀችን። ከሩቅ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴ ጣቷን ታነሳለች። ገብርኤልን እየተቆጣችው ነበር። ስንመለስ ጠየቅኳት።

“ታረቃችሁ?”

“እኔ የሆዴን ተናግሬ ጨርሻለሁ። እሱ መልስ አልሰጠኝም” አለች። ነጠላዋን ወደ አገጯ ስባ “መልሱን እዚያው ሄጄ እሰማዋለሁ” አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ብዙ አልቆየችም። በቀብሯ ቀን የእድሩ ሰዎች መኪና አዘጋጅተው ነበር፤ አባቴ ግን “እኔው ነኝ የማደርሳት” አለ። ሐሳቡን ለማስጣል ብንሞክርም አልሆነም። ሳጥኗን ፍራሿ በነበረበት ቦታ ጫኑ። እኔ ከአባቴ ጎን ገባሁ። መካኒኩ ባዶ እጁን የመኪናዋ ጠርዝ ላይ አድርጎ አብሮ ይራመዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላ።

ፒክአፗ እንደ ድሮዋ ማዝገም ጀመረች። እናቴን ይዛ፣ ያንን ሁሉ ያጸዳነውን ሞተር ይዛ፣ ዳገቱ ላይ ታቃስታለች። ተበላሸች ብዬ ልቤ ደነገጠ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንጣፉ ተገልጧል። እንጨቷ ከነጥለቷ ቦታዋ ላይ ታስራለች።

“አባዬ፣ እሷ እኮ ፈትታሃለች” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለ። እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። “ዛሬ መቸኮል አልፈልግም።”

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። እስከ ቻለ ድረስ አዘገየው።