ወደ ገደል የዞረው አንቴና

አዲሱ የኢንተርኔት ድርጅት ፍኖተ ሰላም ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት የተቀጠርኩ ቀን ሦስት ነገር ተሰጠኝ፤ ሰማያዊ ሰደርያ፣ ኮፍያና በፕላስቲክ የታሸገ አንድ ወረቀት። መሰላል አልነበረም። ብሎን መፍቻም አልነበረም። ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ በስልክ መስመር ሠራተኛነት እንጨት ላይ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ መሣሪያው በኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ለካ መሣሪያው ወረቀቱ ነበር።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ኔትወርካችንን በማሻሻል ላይ ስለሆንን ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለጊዜው የድምፅ ጥሪ ይጠቀሙ።» ማሻሻያው ገና አልተጀመረም። መጉላላቱም አልተፈጠረም። ይቅርታው ግን ተዘጋጅቶ ቀድሞን ደርሷል።

የሥራ መደቤም ተሻሽሏል። መታወቂያዬ ላይ «የደንበኞች ልምድ ባለሙያ» ይላል። ባለቤቴ አንብባ «ልምዱ የነሱ፣ ባለሙያው አንተ? ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አለችኝ። 

የቅርንጫፉ ኃላፊ ኢንጂነር ናሆም ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ስክሪን አለ፤ እስከ ቡሬ፣ ሽንዲና ፈረስ ቤት ድረስ ያሉት ማማዎቻችን ሁሉ እንደ ነጥብ ይታዩበታል። የሚሠራው አረንጓዴ ነው፣ የቆመው ቀይ። «ጋሼ ፈንታሁን፣ ከዚህ በኋላ መንከራተት የለም» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሁሉንም ከዚህ እናየዋለን።»

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ሰው ይመሰግናል። ነገር በደንብ ሲሠራ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ዕረፍት ያጣል። በሁለተኛው ዓመት ማሻሻያ መጣ።

አሻሻዮቹ በሁለት ፒክአፕ መጡ። በቀን ሁለት ማማ እየጨረሱ የድሮውን አንቴና አውርደው አዲሱን ሰቀሉ። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የኛ ስልክ መጮህ የጀመረው እነሱ ደጀን ሳይደርሱ ነው።

ከፈረስ ቤት አንድ ባለ ሱቅ ደወለ። በደንቡ መሠረት «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» አልኩት። «እሱንስ መብራቱ በቀን ስምንት ጊዜ ያደርግልናል» አለኝ። «ሌላ ካለህ ንገረኝ።»  ወረቀቱን አነበብኩለት።

ቡሬ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ ደግሞ ቅሬታውን በጽሑፍ ላቅርብ አለ። ቅሬታ የሚቀርበው በስልክ መተግበሪያችን ብቻ መሆኑን፣ መተግበሪያውም የሚከፈተው ኢንተርኔት ሲኖር መሆኑን አስረዳሁት። «ይሄን ያሰበ ሰው የቅኔ ቤት ተማሪ መሆን አለበት» አለ። ማመስገኑ ይሁን መስደቡ እስካሁን አልለየሁትም።

ከሁሉ አብዝተው የሚደውሉት እትየ ጥሩወርቅ ነበሩ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው የሚደውሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በየቀኑ። ድምፃቸው ይቆራረጣል እንጂ ይሰማል።

«ጌታየ፣ እንዴት አደሩ። የልጄ መልክ አልመጣ አለኝ» ይላሉ።

«እትየ፣ ኔትወርክ እያሻሻልን ስለሆነ ነው። ለጊዜው በድምፅ ይደውሉላት።»

«እሽ። እኛ እንኳ በዓይን ነው የምንነጋገር።»

«ገባኝ። ግን ለጊዜው በድምፅ።»

«እሽ ጌታየ። ይበርቱ።»

ይህ ንግግር አንድ ቃል ሳይለወጥ አምስት ሳምንት ቆየ። «በዓይን ነው የምንነጋገር» የምትለዋን ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው በሻይ ሰዓት መሳቂያ ሆነች። አንዱ ምሳ ሲቀርብ «እኔ በዓይን ነው የምበላ» ይላል፤ እኛ እንስቃለን። ያወጣሁት እኔ ነኝና ከሁሉ በላይ የምስቀውም እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ኢንጂነር ናሆም ጠራኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ በየቀኑ ስለምትደውል ሲስተሙ ራሱ መዝግቧት አምስት ሳምንት ሙሉ ያልተዘጋ ቅሬታ ሆናለች። የቅርንጫፉን ውጤት እያበላሸችብን ነው። ሄደው ይዝጉልኝ።»

«ማማውን ማየት ይሻላል እንጂ» አልኩት።

«ማማው አረንጓዴ ነው።» ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። እውነትም አረንጓዴ ነው። «ምናልባት አጠቃቀም አታውቅ ይሆናል። ያስተምሯትና ይፈርሙ።»

ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ባጃጁ አልሄድ ሲል በእግር ሄድኩ። እትየ ጥሩወርቅ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። የድርጅቱን ሰደርያ ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ያሾፍኩባቸውን ሴት ድንች በላሁ።

«እስቲ ስልኩን ያሳዩኝ» አልኩ። የኢንተርኔት አከፋፈት ላስተምራቸው ነው።

«ከቤት አይሠራም። ከጉብታው እንውጣ» አሉ።

ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣን። እዚያ ትንሽ ኔትወርክ ይሸታል። ስልኩን ከኔ በተሻለ ፍጥነት ከፍተው የቪዲዮ ጥሪ አደረጉ። ባሕር ዳር ያለች አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ብቅ አለች። እናቷን ስታይ እጇን አንስታ ግንባሯ ላይ አደረገች። ምስሉ እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይኸው» አሉ እትየ ጥሩወርቅ። «አራት ቀን ሆናት። እዚሁ ላይ ነው የምትቆም።»

«ምን እያለች ነው?» አልኩ።

«እሱን አይደል የምፈልግ! እጇ ከግንባሯ ወደ ላይ ከወጣ ‹ረሳሁ› ማለቷ ነው። ወደ ዓይኗ ከወረደ ‹ጨለመብኝ› ማለቷ ነው።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ልጃቸው እናኑ መስማት የተሳናት ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ። ትምህርት ቤት አልገባችምና ጽሑፍ አታውቅም። የምትነጋገርበትን የእጅ ምልክት እናትና ልጅ እቤታቸው፣ ከብት እየጠበቁና ውኃ እየቀዱ፣ ራሳቸው የፈጠሩት ነው። በዓለም ላይ አሳምሮ የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም።

«ባሏስ?» አልኩ። 

«ባሏ ይሰማል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን እጇን ገና ግማሹን ነው የሚያውቅ። በድምፅ ስጠይቀው ‹ደህና ናት፣ ድካም ነው› ይለኛል። እንዳልሄድ የባሕር ዳሩ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ያለ አንዳች ቁጣ፣ «እርስዎም በድምፅ ደውይ አሉኝ። ሞከርሁ። እሷ ስልኩን አንስታ ታየዋለች፣ እኔም እሰማለሁ፤ እንዲህ ሆነን እንቀመጣለን» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ ስድብ እችላለሁ። ይህን ግን የት ላድርገው?

ፊቴን ላዞር ብዬ ማማውን አየሁት። ከፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ቆሟል። ሦስት አንቴናዎች አሉት። ሁለቱ መንደር መንደሩን ያያሉ። ይህችን ቀበሌ ማየት ያለበት ሦስተኛው ግን ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ገደሉ ዞሯል። ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮ እንጂ ሰው የለም። ለአምስት ሳምንት የአገሩን ፈጣን ኢንተርኔት ያገኙት ዝንጀሮዎቹ ናቸው። ቅሬታም አላቀረቡም። ለስክሪኑ ደግሞ አንቴና እስከሠራ ድረስ ወዴትም ቢዞር አረንጓዴ ነው።

ለኢንጂነር ናሆም ደወልኩ። «አንቴናው ወደ ገደል ዞሯል። ላስተካክለው?»

«በተከላ ሥዕሉ መሠረት ነው የተገጠመው፤ መቶ ሃያ ዲግሪ ይላል።»

«እኔ ቆሜ እያየሁት ነው።»

«ጋሼ፣ ማማ ለመንካት የዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ከአካባቢው አርባ ቅሬታ መመዝገብ አለበት። አሁን ያለው አንድ ነው።»

«ሌላው ሰው በምን ይመዝገብ? በመተግበሪያው?»

«እባክዎ እንዳይነኩት» ብሎ ዘጋ።

እትየ ጥሩወርቅን «እቤትዎ ገብተው ይጠብቁ፤ ደጋግመው ይደውሉላት» አልኳቸውና ወደ ማማው ሄድኩ። ጥበቃው ባሻ ዋለ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «እነዚያ ልጆች ሲገጥሙት ‹ኧረ ቀበሌው በዚህ ነው› ብላቸው ‹አባባ፣ ሥዕሉ ነው› አሉኝ» አሉ። «ፈቃድ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያስ እኔም አላየሁህም። ቀበቶህን ግን ደህና አርገህ እሰር።»

የወጣሁበት ቀበቶ የባሻ ዋለ መጋዘን ውስጥ ያገኘሁት የአሻሻዮቹ ነበር። ብሎን መፍቻውም የነሱ ነው፤ ረስተውት ሄደዋል። ማሻሻያው ካመጣልን ነገር ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ከሥር የዚያን አንቴና ኃይል ዘጋሁ። በርቶ እያለ ፊቱ ቆሞ መሥራት አይቻልም። ገና ግማሽ መንገድ ሳልወጣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንዘር ጀመረ። ኢንጂነር ናሆም ነው። አምስት ሳምንት የሰው ልመና ያላንቀሳቀሰውን መሥሪያ ቤት የሁለት ደቂቃ ቀይ ነጥብ ከወንበሩ አስነሳው። አላነሳሁትም። እጄም ተይዞ ነበር፤ ቢፈታም አላነሳውም ነበር።

ሃምሳ ዓመት አልፎኛልና እያረፍኩ ወጣሁ። ንፋሱም አለ። አራቱን ብሎን አላልቼ፣ በስልኬ ኮምፓስ እየለካሁ አንቴናውን ወደ ቀበሌው አዞርኩት። ሁለት መቶ አሥር ዲግሪ ላይ አረፈ። መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ አሥር። ሥዕሉን የሠራው ሰው አንዱንና ሁለቱን አገላብጦ ጽፏቸው ኖሯል። ብሎኖቹን አጥብቄ ወረድኩና ኃይሉን መለስኩ።

እቤታቸው ስደርስ በሩ ክፍት ነው። እትየ ጥሩወርቅ ስልኩን መደብ ላይ በጆንያ አስደግፈው ከፊቱ ተንበርክከዋል። እጆቻቸው ይሄዳሉ፤ ደረት፣ ጉንጭ፣ ጣት፣ ዓይን። ስልኩ ውስጥ ያለችውም ትመልሳለች፤ ሳይቆራረጥ። ቤቱ ውስጥ አንዳች ድምፅ የለም። ያን የመሰለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ላናግራቸው ስል አንድ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አስቆሙኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እዚያ ከልጃቸው አጠገብ ላለው ባሏ ተናገሩ። «ድካም አይደለም! ራሷን ይወጋታል፣ ዓይኗ ይጨልምባታል፣ እግሯ አብጧል። አራት ቀን ስትነግርህ! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዳት። አሁኑኑ!»

እጇ ወደ ዓይኗ ነበር የሚወርደው።

ሐኪሞቹ የደም ግፊቷ ከልክ በላይ ወጥቷል፣ ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ ሁለቱም ላይተርፉ ይችሉ ነበር አሉ። ቀኗ ሳይደርስ አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ ነበረች፣ ማሞቂያ ውስጥ ሰነበተች፣ ወጣች። ይህን የነገሩኝ እትየ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደውለው።

ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ያለ ፈቃድ የድርጅቱን ንብረት በመንካትዎና ኔትወርክ በማቋረጥዎ» ይላል። ቅሬታው ደግሞ በመዝገቡ ላይ «በራሱ ጊዜ የተስተካከለ» ተብሎ ተዘጋ። በዚያ ወር ቅርንጫፋችን ያልተዘጋ ቅሬታ ስለሌለው የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው።

ኢንጂነር ናሆም ግን በሳምንቱ ቡሬ ድረስ ሄደን እናየው አለኝ። ጉብታው ላይ ቆሞ አንቴናውንም ገደሉንም ብዙ አየ። ሲመለስ የማማዎቹን ሥዕል ሁሉ አስመረመረ፤ በፈረስ ቤት በኩል ሌላ የተገላበጠ ተገኘ። ደብዳቤዬን ሊሰርዝልኝም ሞክሮ ነበር። ሲስተሙ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንጂ መሰረዝ አይፈቅድም።

በሻይ ሰዓት የእትየ ጥሩወርቅን ነገር ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። እኔ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ሻዬን ብቻዬን ነው የጠጣሁት፤ የተቀየምኩት እነሱን አልነበረም።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ ልጆች የምለው ይህን ነው። አንቴና ስትቀይሩ የድሮውን ከመፍታታችሁ በፊት የሚያይበትን አቅጣጫ ለክታችሁ ጻፉ። አዲሱን ከሰቀላችሁ በኋላ ማማው ሥር ቆማችሁ አትሞክሩት፤ የሚጠቀምበት ሰው ቤት ሄዳችሁ፣ በሱ ስልክ፣ እሱ ለሚፈልገው ነገር ሞክሩት። ግማሽ ቀን ይፈጃል።